ሽሽትና ማምለጥ

በአማርኛችን ይህን ወቅት በትክክል የሚጠራልኝ ቃል አላገኘሁም። መዝገበ ቃላቱ «ክረምት» ይለዋል። ለእኔ ግን ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ጭቃው፣ ጎርፉ፣ የተዘጋው ትምህርት ቤት፣ በጭስ የታፈነው ማድ ቤት፣ ከፍም ላይ የሚነሣው የበቆሎ እሸት ነው። እዚህ አትላንታ ብርዱ የሚጠናው በጥር ነው፤ ጥር ደግሞ በአገራችን ሰማዩ የጠራበት፣ አዝመራው ጎተራ የገባበት፣ በየመንደሩ ሠርግ የሚደገስበት በጋ ነው። ስለዚህ ከአርባ ዓመት በላይ በኖርሁባት በዚህች ከተማ፣ ብርዱ በመጣ ቁጥር ገላዬ አንድ ነገር ይነግረኛል፤ ቋንቋዬ ሌላ።

በስቶክሆልምና በቶሮንቶ የምትገኙ ወገኖቼ የአትላንታን ብርድ ብታዩት ትስቁበታላችሁ። በረዶ በዓመት አንድ ቀን ቢጥል ነው፤ አንዳንድ ዓመት ከነጭራሹ አይጥልም። የሚበዛው ዝናብ ነው፤ ቀጭን፣ ግራጫ፣ ቀኑን ሙሉ ከጥዶቹ ላይ የሚንጠባጠብ ዝናብ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እነሣና የመኪናዬን መስተዋት የሸፈነውን ውርጭ ጊዜው ባለፈበት የባንክ ካርድ እፍቃለሁ። ከዚያም 285 በተባለው የከተማው ዙሪያ መንገድ ላይ ወጥቼ፣ በከባድ መኪናዎች መካከል ተሰክቼ፣ ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። በሁለቱም የማስተምረው አንድ ነገር ነው፤ የፍልስፍና መግቢያ። ውሌ በየመንፈቅ ዓመቱ ይታደሳል፤ የማይታደስበትም ጊዜ አለ። በዕድሜዬ ጡረታ መውጣት ነበረብኝ፤ ዳሩ ግን በትምህርቱ ቁጥር እየታሰበ የሚከፈለው መምህር ጡረታ የሚባለውን ነገር የሚያውቀው በወሬ ነው። ማታ የተማሪዎቼን ወረቀት አርማለሁ። ቅዳሜ ወደ ዲካልብ የገበሬዎች ገበያ ወርጄ ምስርና ቅመም እሸምታለሁ። እሑድ ክላርክስተን ከሚኖሩ ወገኖች ጋር ቡና እጠጣለሁ። ኑሮዬ ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን ይቀራል፤ እርሱንም መናዘዝ ይኖርብኛል። በመኝታ ቤቴ ካሉት ሁለት የመጽሐፍ መደርደሪያዎች በአንደኛው ላይ ፕላቶና ካንት፣ ሄግልና ዘርዐ ያዕቆብ ይገኛሉ። በሁለተኛው ላይ ያሉት መጻሕፍት ስለ ዘንዶ፣ ስለ ጠንቋይ፣ ስለ ድንክ፣ በየትኛውም ካርታ ላይ ስለማይገኝ አገር የተጻፉ ናቸው። እንግሊዞች ፋንታሲ የሚሉት ዓይነት ድርሰት ነው። ወረቀት አርሜ ስጨርስ እጄ የሚዘረጋው ወደ ሁለተኛው መደርደሪያ ነው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ባልከፋ። በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ ግድም በመካከለኛው ከተማ ባሉት ታላላቅ ሆቴሎች ድራጎን ኮን የተባለ ጉባኤ ይደረጋል። የተጀመረው በ1987 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በቅርብ ዓመታት 70,000 ያህል ሰው ይሰበሰብበታል። ሰዉም የየመጽሐፉን ባለታሪኮች ልብስ ለብሶ በፒችትሪ ጎዳና ላይ ይሰለፋል። እኔም እሰለፋለሁ። ለዚያ ቀን የሚሆነኝን ልብስ የምሰፋው ደግሞ አሁን፣ በጥርና በየካቲት፣ ከማሞቂያው አጠገብ ተቀምጬ ነው።

«የኔታ፣ መቼ ነው የምታድገው?» ይለኛል አንድ የቆየ ጓደኛዬ፣ እስከ ዛሬም ድረስ። «የኔታ» የሚለኝ ለማሾፍ ነው እንጂ እኩያዬ ነው፤ በወጣትነታችን በአንድ ማኅበር፣ በአንድ የጥናት ክበብ ነበርን። ረጅም ዘመን ታክሲ ሲነዳ ኖሯል። ክሱ ቀላል ክስ አይደለም። ወገኑ ሲራብ፣ ሲታሰርና ሲሰደድ እያየ ስለ ጠንቋይ የሚያነብ ምሁር ከኅብረተሰቡ የሸሸ ነው ይላል። «ሽሽት» የምትለዋን ቃል ሲናገራት ሁለቱንም ሸ እያፏጨ ነው።

መጀመሪያ የመለስሁለት በሥነ ጽሑፍ ታሪክ ነበር። ዛሬ ለፈጠራ ድርሰት ሁሉ የምንሰጠው «ልብ ወለድ» የሚለው ስም በአንድ መጽሐፍ ርእስ ላይ የተጻፈ ነው፤ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 (እ.ኤ.አ.) ሮም ላይ ባሳተመው፣ በኋላም «ጦቢያ» እየተባለ በታወቀው «ልብ ወለድ ታሪክ» ላይ። የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ እንግዲህ የተጻፈው በባዕድ አገር፣ ናፖሊ ላይ አማርኛ ያስተምር በነበረ ሰው እጅ ነው። በመጽሐፉም ውስጥ አንዲት ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ወንድ መስላ፣ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ትዞራለች። ልብስ ለውጦ መሄድን ከፒችትሪ ጎዳና አልተማርነውም አልሁት። ጓደኛዬ ግን ፋታ ሳይሰጠኝ «ያ አፈወርቅ አይደለም ወይ በኋላ ለጣሊያን ያደረው?» አለኝ። ነው። በ1928 ዓ.ም. ወረራ ከጠላት ጋር መቆሙ የታወቀ ነው። በዚያ ቀን ክርክሩን ተሸነፍሁ።

እውነቱን ለመናገር መልሴ የነበረው በሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ሳይሆን በአንድ በተቀደደ መጽሐፍ ውስጥ ነበር።

በ1960ዎቹ ዓ.ም. እንደ ብዙዎቹ የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች ሁሉ በእኛም በጎንደር የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ነበሩ። ሲሄዱ መጻሕፍት ትተው ይሄዱ ነበር። ከነዚህ አንዱ ልባሱ የወለቀ፣ ቶልኪን የተባለ እንግሊዛዊ ፕሮፌሰር በ1937 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው «ሆቢት» ነበር። መጽሐፉ አንድ፣ አንባቢዎቹ ሁለት ነበርን፤ እኔና የክፍል ጓደኛዬ። እርሱ መጠበቅ የማይችል ልጅ ስለነበር አንድ ቅዳሜ በምላጭ ከመካከሉ ለሁለት ከፈለው። የመጀመሪያውን ግማሽ ለእኔ ሰጠኝ፤ ሁለተኛውን ራሱ ወሰደ። ታሪክን ከመካከል ጀምሮ ማንበብ ምንም አይከብደውም ነበር፤ እንዲያውም መጨረሻውን ሳያውቅ መጀመሪያውን የሚያነብ ሰው ተላላ ነው ይል ነበር። ስንጨርስ ልንለዋወጥ ተስማምተን ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር በጎንደር ሲበረታ፣ ጥቂት ልጆች ሆነን በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ለመውጣት ተማከርን። እርሱም ሊመጣ ነበር። በመጨረሻዋ ሌሊት ግን «እናቴ ብቻዋን ናት፤ እናንተ ሂዱ» አለ። የምንሄደው ልጆች አልተከራከርነውም። ብንከራከረው ኖሮ የሚል ሐሳብ ዛሬም አልፎ አልፎ ከእንቅልፌ ያነሣኛል። መጽሐፍ መለዋወጡን በዚያች ሌሊት ማን ያስታውሰዋል? ግማሽ መጽሐፌን ከከረጢቴ ውስጥ ያገኘሁት ገዳሪፍ ደርሼ ልብሴን ሳራግፍ ነው። በኋላ መታሰሩን ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ የሰማሁት የለም።

የእኔ ግማሽ የሚያልቀው ተጓዦቹ ድንኮች በጫካው ንጉሥ ምድር ቤት ታስረው፣ ትንሹ ሰውዬ ባጠለቃት ቀለበት ምክንያት ለማንም ሳይታይ በየወህኒው ደጅ ሲዞር ነው። እንዴት እንደሚወጡ አልተጻፈም፤ የተጻፈው ጎንደር በቀረው ግማሽ ላይ ነው። ገዳሪፍና ካርቱም ወደ አራት ዓመት ተቀመጥሁ። ወረቀት ሲያጥረኝ የመጽሐፉን ባዶ ጠርዝ እየቀደድሁ ደብዳቤ ጽፌበታለሁ፤ ጽሕፈት ያለበትን ግን አልነካሁም። ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ለእስረኞቹ መውጫ ሳበጅላቸው አድር ነበር። ግድግዳ አፈርስላቸው ነበር፤ ዘበኛ አሰክርላቸው ነበር፤ ምሕረት የሚሰጥ ንጉሥ እሾምላቸው ነበር።

አትላንታ የገባሁት በ1981 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው። በጃንዋሪ 12 ቀን 1982 ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት በረዶ ጥሎ ከተማዋ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ሳህን አጥብበት ከነበረው ምግብ ቤት እስከ ማደሪያዬ በእግሬ ሄድሁ፤ በረዶ ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነበር፤ የጤፍ ዱቄት የረገጥሁ ይመስለኝና ነውር እንደ ሠራሁ እየተሳቀቅሁ ነበር የምራመደው። በረዶው እንደ ቀለጠ በ1980 ወደ ተከፈተው ዋናው የከተማ ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ። ማርሴል ብሮየር የነደፈው፣ ምሽግ የሚመስል ሕንፃ ነው። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ መጽሐፉን አስፈልጌ፣ ወንበር እንኳ ሳልይዝ ከመካከሉ ገለጥሁት። ለካስ በባዶ በርሜል ውስጥ ተከተው፣ በወንዝ ተንሳፈው ነው ያመለጡት። ገዳሪፍ ላይ ካበጀሁላቸው መውጫዎች በአንዱም በርሜል አልነበረም።

ያቺ ሰው የምትሰውር ቀለበት የዕለት እንጀራዬ ሆና ቀርታለች። በየዓመቱ በጥር ትምህርት ሲከፈት ከተማሪዎቼ ጋር የምጀምረው ፕላቶ በ«ሪፐብሊክ» ሁለተኛ ክፍል በግላውኮን አፍ ከሚያስተርከው ተረት ነው። አንድ እረኛ ምድር ተሰንጥቃ ይገባል፤ ከነሐስ ፈረስ ሆድ ውስጥ ካለ ሬሳ ጣት ላይ ቀለበት ያወልቃል፤ የቀለበቱን ፈርጥ ወደ ውስጥ ሲያዞር ከሰው ዓይን ይሰወራል። ከዚያም ንግሥቲቱን ያባልጋል፤ ንጉሡን ይገድላል፤ ዙፋኑን ይወርሳል። ማንም የማያየው ሰው ለምን ጻድቅ ይሆናል? ነው ጥያቄው። ባለቅኔዎችን ከከተማው የሚያባርረው ፕላቶ ከባዱን ጥያቄ ሊጠይቅ ሲነሣ ያለ ተረት አልሆነለትም። (ቀለበት ሳያጠልቁ የማይታዩ ሰዎች በዚህ አገር እንዳሉ ተማሪዎቼ ራሳቸው ይነግሩኛል። ብዙዎቹ ሌሊት ሠርተው ቀን የሚማሩ ናቸው።)

በየካቲት ወደ ዘርዐ ያዕቆብ «ሐተታ» እንሻገራለን። ከአክሱም ሸሽቶ በተከዜ አቅራቢያ በዋሻ ሁለት ዓመት መቀመጡን፣ በኋላም እንፍራንዝ ላይ ሰው ቤት ተጠግቶ ማስተማሩን፣ በ1667 (እ.ኤ.አ.) ሕይወቱን መጻፉን እነግራቸዋለሁ። ስደተኛና መምህር ስለሆነ አደላለታለሁ። ከዚያም የማልወድደውን ክፍል እነግራቸዋለሁ፤ ጽሑፉ ወደ አውሮፓ የደረሰው በ1850ዎቹ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በተባለ ካፑቺን መነኩሴ በኩል መሆኑን፣ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ደራሲው ራሱ መነኩሴው ነው ማለቱን፣ አዲስ አበባ ላይ ብዙ ዘመን ያስተማሩት ክሎድ ሰምነር መከላከላቸውን፣ ክርክሩም እስከ ዛሬ አለመቋጨቱን። አንድ ዓመት ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ የሌሊት ሥራ ልብሷን ሳታወልቅ የምትመጣ ተማሪ እጇን አነሣች። «ሰውየው ባይኖርስ? ዋሻውም ባይኖርስ? ያሰበው ነገር ይፈርሳል?» አለችኝ። ሰዓቱ ስላለቀ ደስ አለኝ። እኔ በበኩሌ ዘርዐ ያዕቆብ ኖሯል ባይ ነኝ፤ ይህን የምለው ግን በማስረጃው ብቻ ሳይሆን እንዲኖር ስለምፈልግም ጭምር መሆኑን አልደብቅም።

እንዲኖር የምፈልገው ነገር ምን ያህል እንደሚበዛ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ጉባኤ ጋቢ ደርቤ፣ በላዩ ጥቁር ካባ ጥዬ ተሰልፌ ነበር። የብረት ጥሩር የለበሰ አንድ ወጣት ቀርቦ ከየትኛው መጽሐፍ እንደ መጣሁ ጠየቀኝ። «ከጎንደር ነኝ» አልሁት። ልጁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣኝ። በቶልኪን መጻሕፍት ውስጥ ጎንዶር የተባለ፣ በድንጋይ ቤተ መንግሥት የታወቀ አገር አለና ነው። ስሙ ደራሲው ራሱ በፈጠረው ቋንቋ የድንጋይ ምድር ማለት ነው፤ ከእኛይቱ ከተማ ወሰደው ለማለት የሚያበቃ ነገር አላየሁም፤ ቢሆንም የፋሲል ግንብ ጥላ ሥር ያደገ ሰው ሳይስቅ አያልፈውም። ጨዋታ ጀመርንና ከዐሥር ቀን በኋላ ዘመን መለወጫችን መሆኑን፣ ከዚያ በፊት አምስት ቀን ብቻ ያላት ዐሥራ ሦስተኛ ወር እንዳለችን ነገርሁት። «ግሩም አድርገህ ፈጥረኸዋል» አለኝ። ጳጉሜን የፈጠርኋት እኔ እንዳይደለሁ ላስረዳው ብሞክርም ፈገግ እንዳለ ሄደ። ከልቤ ተቀየምሁ።

ጥር 11 ቀን 2006 ዓ.ም. ለጥምቀት ጎንደር ላለችው ታላቅ እኅቴ ደወልሁ። ከፋሲል መዋኛ ገና መመለሷ ነበር። እኔም ብርዱን ረስቼ፣ ከቤታችን እስከ መዋኛው ያለውን መንገድ በስልክ አብሬያት መሄድ ጀመርሁ፤ ከቤታችን በር ቀኝ፣ ከዚያ የጠላ ሻጯ ደጅ፣ ከዚያ ታቦት ሲያልፍ ቆመን የምንጠብቅበት ዋርካ።

«ወንድምዓለም፣ የየትኛውን አገር መንገድ ነው የምትነግረኝ?» አለች። «ያ ዋርካ ከተቆረጠ ሃያ ዓመት አለፈው እኮ። ቤቱም ፎቅ ተሠርቶበታል። ነግሬህ ነበር።»

«ነግረሽኝ ነበር፣ እታለም?»

«ሁለት ጊዜ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያ ጥሩር ለባሽ ወጣት ትዝ አለኝ። እርሱ ጎንዶሩ በዚህ ምድር ላይ እንደሌለ አሳምሮ ያውቃል፤ ሰኞ ማታ ጥሩሩን አውልቆ ማክሰኞ ሥራ ይገባል። እኔ የፍልስፍና መምህሩ ግን ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ በየትኛውም ካርታ ላይ በማትገኝ ከተማ ስኖር ቆይቻለሁ። በስብሰባ ላይ ስለ እርሷ ተናግሬአለሁ፤ መግለጫ ጽፌላታለሁ፤ ከእኔ በተለየ ሁኔታ ከሚያስባት ሰው ጋር ተኳርፌአለሁ። የውሳኔ ሐሳብ ያወጣሁበት ዋርካ ተቆርጦ ማገዶ ሆኗል። ወገኖቼ፣ ከመካከላችን በልቡ የወለዳት አገር የሌለችው ማን ነው? የጓደኛዬን ክስ እንደገና ያየሁት ከዚህ በኋላ ነበር፤ ሽሽት ካለ፣ ያለው ከሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ብቻ አይደለም።

ቶልኪን ራሱ ይኸው ክስ ደርሶበት ነበር። በ1939 (እ.ኤ.አ.) በስኮትላንዱ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው፣ በ1947 በታተመው ንግግር ላይ ነቃፊዎቹ ሁለት ነገር አደባልቀዋል ይላል፤ ከወህኒ የሚያመልጠውን እስረኛና ከጦር ሜዳ የሚከዳውን ወታደር። ይህን የተናገረው ሰው በ1916 በሶም ጦርነት የነበረ፣ ከቅርብ ጓደኞቹ ከአንዱ በቀር ሁሉንም በዚያ ጦርነት ያጣ ሰው ነው። በእንግሊዝኛ ልዩነቱን ለማስረዳት ብዙ ቃል ፈጅቶበታል። እኛ ግን ሁለት ቃል አለን፤ ሸሸና አመለጠ። የሚያስቸግረን ቃሉ ሳይሆን የትኛው ለየትኛችን እንደሚገባ ነው። በዚያች ሌሊት ወደ መተማ የወጣሁት እኔ የትኛው ነኝ?

እዚሁ አትላንታ፣ በሃርቫርድ ፍልስፍና ያጠናው ዱ ቦይስ ከ1897 እስከ 1910 በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። በሴፕቴምበር 1906 ነጭ ሁከተኞች ጥቁር የከተማውን ነዋሪዎች ሲገድሉ ከሄደበት በባቡር ገሥግሦ ተመልሶ ቤተሰቡን ለመጠበቅ ጠመንጃ ይዞ ደጅ ላይ ተቀምጧል። በዚያው ዘመን፣ ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ፣ ስለ አንዲት የብረት ልዕልት የሚያወራ ተአምራዊ ታሪክ ጻፈ፤ ታሪኩ እስከ 2015 ሳይታተም ከወረቀቶቹ መካከል ኖሯል። ያን ሰው ሸሸ የሚለው ማን ነው?

ስለ መጽሐፉና ስለ ልጁ ለጓደኛዬ የተናገርሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እኅቴን ካነጋገርሁ ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ በጃንዋሪ 28 ቀን 2014 (እ.ኤ.አ.)። መኪናዬ ተበላሽታ ስለነበር በታክሲው ከኮሌጅ ሊወስደኝ መጣ። 7 ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ በረዶ ጣለ፤ መሥሪያ ቤቱም ትምህርት ቤቱም በአንድ ሰዓት ተለቅቆ ከተማው ሁሉ መንገድ ላይ ወጣ፤ መንገዱም ወደ በረዶ ግግር ተለወጠ። በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው አደሩ። ሰው መኪናውን እየተወ በእግሩ ሄደ። እኛ 285 ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ቆምን። ጓደኛዬ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተሩን ያጠፋል፤ ስንንቀጠቀጥ ያስነሣል። የነበረን አንድ ከረጢት ቆሎ ነበር፤ በየተራ ዘገንን።

የዋርካውን ነገር ነገርሁት። እስኪያስለው ድረስ ሳቀብኝ። ትንሽ ቆይቶ እርሱም የሚያውቃት ደሴ ፒያሳ ዛሬ ትኑር አትኑር እንደማያውቅ ተናገረ፤ ከዚያ ዝም አለ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይመስለኛል፣ «በል ያን የልጅ መጽሐፍህን አውራልኝ፤ ዛሬ የምሄድበት የለኝም» አለኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ተረክሁለት፤ ድንኮቹ ወህኒ እስኪገቡ ድረስ።

«የእኔ ግማሽ እዚህ ላይ ያልቃል» አልሁት። ምን ማለቴ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሠላሳ ዓመት ስንተዋወቅ ያልነገርሁትን ነገርሁት፤ ምላጩን፣ ያችን ሌሊት፣ የልጁን እናት። እርሱም ምንም ሳይል መሪውን ይዞ ተቀመጠ። መስተዋቱ በትንፋሻችን ደምኖ ውጭው አይታይም ነበር።

«እስረኞቹስ?» አለ በመጨረሻ። «እንዴት ወጡ?»

«በበርሜል። በወንዝ።»

«ሁለተኛው ግማሽ የነበረው እልጁ ዘንድ ነው አልህ?»

«አዎ።»

«አንብቦት ነበር?»

«ቅዳሜ ወስዶ እሑድ ጨርሶታል።»

«እንግዲያማ» አለ፣ መስተዋቱን በእጅጌው እየወለወለ፣ «መውጫውን ከአንተ ቀድሞ ያውቅ ነበር።»

ከፊታችን የቆመው የጭነት መኪና መብራቱን አብርቶ አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት ተንቀሳቀሰ። ጓደኛዬም ሞተሩን አስነሣ።